ፏፏቴው ሥር ወይስ ራቅ ብሎ? በዝናብ ደን ውስጥ የት፣ በምን ላይ እና ከማን ጋር ማደር ይሻላል

ለመጀመሪያ ጊዜ ዝናብ ደን ውስጥ ፏፏቴ አጠገብ ያደርኩ ቀን፣ ድንኳኔን የተከልኩት ከኩሬው አሥር እርምጃ እንኳ በማይሞላ ርቀት ላይ ነበር። ከእኔ ሌላ ሦስት ድንኳኖች ነበሩ። አመሻሽ ላይ ከጎኔ ያረፈችው መንገደኛ መጥታ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። የውሃው ጩኸት ዋጠው። ደገመችልኝ፤ አሁንም አልሰማሁም። ሦስተኛ ጊዜ «ምን አልሽ?» ማለት አፈርኩና ፈገግ ብዬ ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ፤ ከዚያ ድንኳኔ ውስጥ ገብቼ ዚፑን ዘጋሁ። በማግስቱ አብረን ወደ መንገዱ ስንወርድ፣ ፏፏቴው ከኋላችን ርቆ ድምፃችን ሲመለስልን ነገረችኝ፤ ላይተሯ ረጥቦ አልበራ ብሏት «እሳት አለህ ወይ?» ነበር ያለችኝ። እኔ «አዎ» ብዬ በሩን ዘጋሁባት ማለት ነው። እራቷን ሳታበስል አደረች። ኪሴ ውስጥ ሁለት ላይተር ነበር።

ከዚያ ወዲህ የማድርበትን ቦታ የምመርጠው በጆሮዬ ነው። ከፏፏቴው እየራቅኩ እሄድና ሁለት ሰው ድምፁን ከፍ ሳያደርግ መጨዋወት የሚችልበት ቦታ ስደርስ ሸክሜን አወርዳለሁ። ፏፏቴው እዚያም ይሰማል፤ ሌሊቱን ሙሉ እንደ ሩቅ ዝናብ ያንጎራጉራል። ግን ሰውም ይሰማል፣ ቅርንጫፍ ሲሰነጠቅ ይሰማል፣ የወንዙ ድምፅ ሲለወጥም ይሰማል። ለጨዋታ የሚመቸው ርቀትና ለነፍስ የሚበጀው ርቀት አንድ ሆኖ ነው ያገኘሁት። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉትን ምርጫዎች የምመዝናቸው በሁለት ነገር ነው፦ ደርቆና ደህና ሆኖ ለማደር ምን ያህል ይረዳሉ፣ ከማያውቁት መንገደኛ ጋር ለመተዋወቅስ ምን ያህል ያመቻሉ።

ኩሬው ዳር፣ ከፍ ያለው ሜዳ ወይስ የተዘጋጀ ካምፕ?

ኩሬው ዳር ማደር ፎቶ ላይ ያምራል። እዚያው ሲያድሩ ግን መጀመሪያ የሚገጥመው ርጥበት ነው። ፏፏቴው ሲወድቅ የሚበትነው ጤዛ መሰል ውሃ በነፋስ እየተነዳ ድንኳኑን ቀንም ሌትም ያረጥበዋል። ዝናብ ባይጥል እንኳ ጠዋት ስትነሱ ልብሳችሁም የመኝታ ከረጢታችሁም እርጥብ ነው። በዝናብ ደን ውስጥ አንዴ የረጠበ ነገር በዋዛ አይደርቅም፤ ከዛፎቹ አናት ላይ ካለው ብርሃን መሬት የሚደርሰው 2 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ የሚያደርቅ ፀሐይ የለም።

ርጥበቱን ታግሶ ማለፍ ይቻላል። ደራሽ ውሃ ግን ሌላ ነገር ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እዚህ ጋ ቃል በቃል ይሠራል። ፏፏቴው ከላይ ሰፊ ተፋሰስ አለው፤ እናንተ ጥርት ያለ ሰማይ ሥር ስትዋኙ፣ ከብዙ ኪሎ ሜትር በላይ ያለው ተራራ ላይ የጣለ ዝናብ እየተሰበሰበ ወደ እናንተ ይመጣል። እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ2007 በደቡብ ታይላንድ፣ ትራንግ በተባለው ግዛት፣ በበዓል ሰሞን ፏፏቴ ዳር ሲዝናኑ ከነበሩት ውስጥ ከ30 በላይ ሰዎች በደራሽ ውሃ ተወስደው ሞተዋል። ያ የሆነው በቀን፣ ሰው ሁሉ ነቅቶ ሳለ ነው። ሌሊት ዚፕ ዘግቶ የተኛ ሰው ደግሞ ምልክቱን የሚያይበት መንገድ የለውም።

ምልክቶቹ አሉ፣ ማወቁ ይጠቅማል። ጥርት ያለው ውሃ ድንገት ይደፈርሳል። ቅጠልና ጭራሮ ተጭኖ መውረድ ይጀምራል። ቅድም የተቀመጣችሁበት ድንጋይ ይሰወራል። ድምፁ ይወፍራል። ከእነዚህ አንዱን ካያችሁ እቃ ለመሰብሰብ ሳትቆሙ ሽቅብ ወደ ጎን ውጡ፤ ወንዙን ተከትላችሁ ቁልቁል አትሩጡ። ቦታ ስትመርጡም ወደ ላይ ቀና ብላችሁ ቁጥቋጦዎቹን እዩ። የደረቀ ሣርና ቅጠል ከወገባችሁ ወይም ከራሳችሁ በላይ ቅርንጫፍ ላይ ተጠምጥሞ ካያችሁ፣ ያለፈው ጎርፍ የደረሰበት ቁመት ያ ነው። ያ ለስላሳና ደልዳላ አሸዋም ቢሆን መኝታነቱ ለወንዙ ነው፤ የደለደለውም ራሱ ነው።

ለጓደኝነትስ? ኩሬው ዳር ቀን ቀን ሰው ይሰበሰባል፤ ይሳሳቃል፣ ፎቶ ይነሳሳል። ማታ ግን እንደ እኔና እንደዚያች መንገደኛ ነው፤ በምልክት መግባባት አድካሚ ስለሆነ ሁሉም በጊዜ ይተኛል።

የእኔ ምርጫ ከወንዙ ከፍ ብሎ ያለው ሜዳ ነው። ቢያንስ 60 ሜትር፣ ማለትም 80 እርምጃ ያህል ከውሃው የራቀ። ይህ ርቀት የሚጠቅመው ለጎርፍ ጥንቃቄ ብቻ አይደለም። ሳሙና የነካውን ውሃ የምትደፉበትም፣ የምትጸዳዱበት ጉድጓድም ከወንዙ በዚያው ልክ መራቅ አለበት፤ ጉድጓዱ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጠልቆ መሸፈን አለበት። ከታች ያለው ሰው ያንን ውሃ እንደሚጠጣ አስቡት፤ ምናልባትም ማታ አብራችሁት የምትጫወቱት ሰው ነው። ቦታው ከፍ ያለ መሆኑ ብቻውን እንደማይበቃም ልጨምር። 60 ሜትር ርቃችሁም ገደል የሚያጣብበው ሸለቆ ውስጥ ከሆናችሁ ውሃው መሄጃ ስለሌለው ወደ እናንተ ይወጣል።

ከፏፏቴው አናት ላይ ማደርን የሚመርጡ አሉ። እይታው ያምራል፣ እውነት ነው። ሌሊት ለሽንት ስትወጡ ግን ያ ርጥብና የሚያንሸራትት ድንጋይ ላይ አንድ የተሳሳተ እርምጃ ይበቃል። ተዉት።

የተዘጋጀ ካምፕ ደግሞ የራሱ ዓለም ነው። መጸዳጃ አለ፣ ጣሪያ አለ፣ ወንዙን የሚያውቅ ሰው አለ። በቬንዙዌላ ካናይማ ብሔራዊ ፓርክ ያለውን 979 ሜትር ከፍታ ያለውን የመልአክ ፏፏቴ ለማየት የሚሄዱ መንገደኞች ወንዙን በጀልባ ሽቅብ ወጥተው፣ ግድግዳ በሌለው ጣሪያ ሥር ተደርድረው በተሰቀሉ የጨርቅ አልጋዎች ላይ ያድራሉ። ከዚያ የበለጠ የሚያቀራርብ መኝታ አላውቅም፤ ከጎንህ ያለው ሰው ሲገላበጥ ትሰማለህ። ሲያንኮራፋም። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚወጣ ሰው፣ በተለይ ብቻውን ለሚሄድ፣ ከሜዳው ይልቅ ይህን እመክራለሁ። ጉድለቱ አንድ ነው፤ አንድ ሰው ሙዚቃ ከከፈተ ደኑ አለቀ።

ድንኳን ወይስ ሃሞክ?

ሃሞክ የምለው በሁለት ዛፍ መሃል የሚንጠለጠለውን የጨርቅ አልጋ ነው። በደረቅ አገር እንደ ቅንጦት ይታያል፤ በዝናብ ደን ውስጥ ግን መሬቱ ራሱ ወደ ሃሞክ ይገፋችኋል። ደልዳላ ቦታ አይገኝም፤ ቢገኝም ሥር ይበዛበታል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ጉንዳን ይተላለፍበታል። ሁለት ጥሩ ዛፍ ግን ሁልጊዜ አለ። ከአራት እስከ አምስት ሜትር የተራራቁ፣ ጤነኛ፣ ከጭን የወፈሩ። ገመዱን ቀጭን አታድርጉት፤ ቢያንስ 2.5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጠፍጣፋ ማሰሪያ የዛፉን ልጥ አይቆርጥም። ማሰሪያው ከአግድም መስመር 30 ዲግሪ ያህል ዝቅ ብሎ ይውረድ። ስትተኙ ቀጥ ብላችሁ ሳይሆን በሰያፍ ተኙ፤ ያኔ ጀርባችሁ እንደ ሙዝ አይጎብጥም። ብዙ ሰው ሃሞክን አንድ ሌሊት ሞክሮ «ወገቤን!» ብሎ የሚተወው ይህን የሚነግረው አጥቶ ነው።

ሁለት ነገር ግን አይረሳ። ዝናብ የጣለ እንደሆነ ውሃው በማሰሪያው ላይ እየተንሸራተተ ወደ መኝታችሁ ይገባል፤ ስለዚህ ዝናብ እንዲከልል ከላያችሁ ከምትወጥሩት ሸራ ሥር ማሰሪያው ላይ አጭር ክር አንጠልጥሉ፣ ውሃው በክሩ ይወርዳል። ሁለተኛው ብርድ ነው። በሞቃት አገርም ቢሆን ከሥራችሁ የሚያልፈው አየር ሌሊት ላይ ሙቀታችሁን ይወስዳል፣ በሰውነታችሁ ክብደት የተጨመቀ የመኝታ ከረጢትም ከሥር አያሞቅም። ቀጭን ፍራሽ ቢጤ ከጀርባችሁ ሥር ማድረግ ያስፈልጋል። አጎበርማ ግድ ነው። የወባ ትንኝ የምትነክሰው ከምሽት እስከ ንጋት ባለው ጊዜ ነው፣ ደንጊ የተባለውን የትኩሳት በሽታ የምታስተላልፈው ግን በቀን ትነክሳለች፤ ቀን ላይ ጋደም ስትሉም አጎበሩን ዘርጉት።

ድንኳን መቼ ይሻላል? ሁለት ሆናችሁ አንድ ላይ መተኛት ስትፈልጉ፣ ወገባችሁ ሲያስቸግራችሁ፣ ወይም ዛፍ ማሰር በተከለከለበት ቦታ። ልብስ ለመቀየርም ድንኳን ይመቻል፤ ሃሞክ ውስጥ ሱሪ ለመቀየር ሞክራችሁ የምታውቁ ለምን እንደምለው ይገባችኋል።

ለመተዋወቅ ከሆነ ግን ልዩነታቸው ሰፊ ነው። ድንኳን በር አለው፤ ዚፑ ከተዘጋ ሰው አያንኳኳም። ሃሞክ ቀን ላይ ወንበር ነው። በወንበር ቁመት ከሰቀላችሁት የሚያልፍ ሰው ሁሉ ያየዋል፣ «ልሞክረው?» ይላል፣ ይቀመጣል፣ ይወዛወዛል፣ ይወድቃል፣ ይሳቃል። ሃሞኬ ላይ ተቀምጦ ሳይስቅ የተነሳ እንግዳ አላስታውስም።

በየትኛውም ላይ ብትተኙ ግን ገመድ ከመፍታታችሁ በፊት ቀና በሉ። በዝናብ ደን ውስጥ አውሬ ከሚገድለው ይልቅ የሚያሰጋው ከላይ የሚወድቅ ነው። የደረቀ ቅርንጫፍ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ ነፋስ ሳይኖርም እኩለ ሌሊት ላይ ይወርዳል። ከላያችሁ የደረቀ ካለ ቦታ ቀይሩ፤ ጎረቤታችሁ ላይ ካያችሁም ንገሩት። ትውውቅ ለመጀመር ከዚህ የተሻለ ምክንያት የለም።

አንድ የቆየ ዘዴ ደግሞ አለ፣ በደን ውስጥ የሚሰለጥኑ ወታደሮች የሚከተሉት፦ ሁለት ልብስ ብቻ ያዙ፣ አንድ እርጥብ አንድ ደረቅ። ደረቁ ለመኝታ ብቻ ነው፤ ውሃ በማያስገባ ከረጢት ታስሮ ይዋል። ጠዋት ያንን ቀዝቃዛ እርጥብ ልብስ መልሶ መልበስ ልብ ይጠይቃል። ግን ደረቁን አውጥታችሁ ከለበሳችሁ ማታ ሁለት እርጥብ ልብስ ይኖራችኋል።

ብቻ፣ ጥንድ ሆኖ ወይስ በቡድን?

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ከሚለው ጋር አልስማማም። «ሰው ለመተዋወቅ ከጓደኛህ ጋር ሂድ፣ ድፍረት ይሰጥሃል» ይባላል። እኔ ያየሁት ተቃራኒውን ነው። ሁለት ሆነው የሚመጡ ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው ያወራሉ፤ ጀርባቸውን ለካምፑ ይሰጣሉ። ሳያውቁት ነው። ሦስተኛ ሰው መጥቶ ለመግባት መካከላቸው መቆም አለበት፣ ያ ደግሞ ለዓይን አፋር ከባድ ነው። ጥንድ ከሆናችሁ መፍትሔው ቀላል ነው፤ ጎን ለጎን ተቀመጡ፣ ፊታችሁ ወደ መንገዱ ይሁን።

ስድስትና ከዚያ በላይ ሆኖ የመጣ ቡድን ደግሞ የራሱ መንደር ነው። ቀልዱ የራሱ ነው፣ ድምፁም ከፍ ያለ ነው፤ ብቻውን የመጣው ሰው ከሩቅ ሆኖ ያዳምጣል። አስጎብኚ ያለው ቡድን ውስጥ መግባት ሌላ ነው፤ ሁሉም እንግዳ ስለሆነ በመጀመሪያው ቀን ስም ይጠያየቃል፣ ወንዙን የሚያውቅ መሪም አለ። ጉድለቱ ጓደኛ አለመምረጣችሁ ነው። የማይስማማችሁ ሰው ካጋጠማችሁ ሦስት ቀን አብራችሁት ትበላላችሁ።

ብቻውን የሚሄድ ሰው ለመተዋወቅ የሚቀለው እሱ ነው፤ ማውራት የሚችለው ከሌሎች ጋር ብቻ ስለሆነ። ግን ብቻውን፣ ማንም በሌለበት ፏፏቴ ሥር ማደርን ለማንም አልመክርም። ቁርጭምጭሚት ቢወለም የሚሄድ መልእክተኛ የለም፣ የስልክ ኔትወርክም ዛፍ ሥር አይገኝም። ስለዚህ ሚዛኑ ይህ ነው፦ ብቻችሁን ሂዱ፣ ሰው ካለበት እደሩ።

ስለ ጥንቃቄም በግልጽ ልናገር፣ በተለይ ለሴቶች። የመንገድ ጓደኝነት ፈጥኖ ይሞቃል፤ እሱ ጥሩ ነው፣ ግን ሙቀቱና እምነቱ አንድ አይደሉም። «ብቻሽን ነሽ?» ብሎ በመጀመሪያው ደቂቃ ለሚጠይቅ ሰው «ጓደኞቼ ከኋላ እየመጡ ነው» ማለት ነውር የለውም። መኝታ ስትመርጡ ከቤተሰብ ወይም ከጥንዶች አጠገብ ሁኑ። ፓስፖርትና ገንዘብ ከሰውነታችሁ አይለይ። መጠጥ ከቀረበ ሲከፈት ካላያችሁት አትቀበሉ። መንገዳችሁንና የምትመለሱበትን ቀን ደግሞ ቤት ለቀረ አንድ ሰው ንገሩት። ይህን ሁሉ ካደረጋችሁ በኋላ ግን ሰውን በጥርጣሬ እያዩ መቀመጥ አያስፈልግም።

ሸራው

ከእቃዬ ሁሉ ብዙ ወዳጅ ያፈራልኝ ሦስት በአራት ሜትር የሆነ ሸራ ነው። ከመኝታዬ ሸራ ሌላ፣ ተጨማሪ እሸከመዋለሁ። ሲያዩኝ ይስቃሉ፤ «ይህን ሁሉ ምን ያደርግልሃል?»

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሰማዩ ጠቆረ። በዝናብ ደን ውስጥ ዝናቡ ከመድረሱ በፊት ድምፁ ይደርሳል፤ ከሩቅ ቅጠል ላይ እየተንሿሿ ይመጣል። ሸራዬን በአራት ዛፍ መሃል ወጠርኩ፣ አንዱን ጥግ ዝቅ አድርጌ። ዝናቡ ሲወርድ በየድንኳኑ ተቀምጠው የነበሩት አንድ በአንድ ሮጠው ገቡ። ስድስት ሆንን። ከስድስቱ ሁለቱ ከሌሎቻችን ጋር የጋራ ቋንቋ አልነበራቸውም። ዝም ብለን ቆምን።

ጥጉን በደንብ አላዘቀዘቅኩትም ኖሮ መሃሉ ላይ ውሃ ማቆር ጀመረ፤ ሸራው እንደ ላም ጡት ተንጠለጠለ። ከሁለቱ አንዱ ዱላ አንስቶ ከሥር ቀስ ብሎ ገፋው፣ ውሃው በዳር በኩል ጅው ብሎ ወረደና የቆመውን ሰው ትከሻ አረጠበው። ሁሉም ሳቀ። ከሁለት ደቂቃ በኋላ እንደገና አቆረ፤ አሁን ዱላውን ሌላ ሰው ተቀበለ። እንዲህ እየተዞረ ተራ ሆነ፣ ተራው ወደ ጨዋታ ተለወጠ፣ ማን ላይ እንደሚፈስስ መወራረድ ተጀመረ። ዝናቡ ሲያባራ ቁጥር እስከ አሥር በሦስት ቋንቋ መቁጠር ችለናል። ጥጉን አላስተካከልኩትም፤ በኋላ የሚያስተካክለው ሰው ሲነሳ «ተወው» ያልኩት እኔ ነኝ።

ከዚህ ያተረፍኩት አንድ ነገር አለ። ሰው «ልርዳህ?» ሲባል «አይ፣ ደህና ነኝ» ማለት ይቀናዋል። «ይቺን ገመድ ያዝልኝ» ሲባል ግን ይይዛል። ትንሽ እርዳታ መጠየቅ ከመስጠት ይልቅ ፈጥኖ ያቀራርባል። ላይተር የጠየቀችኝ ያቺ መንገደኛ ይህ ገብቷት ነበር፤ ያልገባው እኔን ነው።

እሳት ወይስ የጋዝ ምድጃ?

ለማብሰል ምድጃ፣ አይጠየቅም። የዝናብ ደን እንጨት ከውስጥ ድረስ እርጥብ ነው፤ ለአንድ ሰዓት ጭስ ትበላላችሁ። በብዙ ጥብቅ ደኖችም እሳት ማንደድ የተከለከለ ነው። ምድጃውን ግን ድንኳን ውስጥ አታብሩት፤ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ የተኛን ሰው ሳያነቃው ይገድላል።

እሳት ሰው ይሰበስባል የሚለው እውነት ነው። እሱን ለመተካት የግንባር ባትሪዬን ውሃ የሞላ ነጭ ጀሪካን ላይ፣ ብርሃኑን ወደ ውስጥ አድርጌ አስረዋለሁ፤ ለስለስ ያለ ፋኖስ ይሆናል። ሦስት አራት እርምጃ ራቅ አድርጉት፣ ትንኙና የእሳት ራቱ ወደ እሱ ይሂድ። ሰው ሲያናግራችሁ ደግሞ ባትሪያችሁን ከግንባራችሁ አውርዱት። በዚያ ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ ዓይኑ ላይ መብራት የተተኮሰበት ሰው ስማችሁን አይሰማም። በምድር ወገብ አካባቢ ደግሞ ጨለማው ፈጥኖ ይመጣል፤ ፀሐይ የምትጠልቀው ዓመቱን ሙሉ ወደ ምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ ነው፣ ደኑ ውስጥ ከዚያም ቀድሞ ይጨልማል። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በፊት ቦታ ላይ የደረሰ ሰው ጥሩውን ቦታ ይይዛል፣ ዘግይተው የሚመጡትንም ገመድ በመያዝ ይተዋወቃቸዋል።

መዋኘት፦ ከፏፏቴው ሥር ወይስ ዝቅ ብሎ?

አብሮ መዋኘት ቋንቋ አይፈልግም። ግን ከሚወድቀው ውሃ ሥር አትግቡ። ያ ነጭ አረፋ አየር ስለተቀላቀለበት ሰውን እንደ ወትሮው አያንሳፍፍም፤ ከሥሩ ያለው ሽክርክሪትም መልሶ ይጎትታል። ድንጋይም ግንድም ከላይ ይመጣል። ኩሬው ጨርሶ ወደ ወንዝነት የሚቀጥንበት፣ ውሃው ፀጥ ያለበት ቦታ ይሻላል። ጥልቀቱን በእግር ሳትለኩ ጭንቅላታችሁን አስቀድማችሁ አትጥለቁ።

ከዝናብ በኋላ ደግሞ ጨርሶ ይቅርባችሁ፣ በተለይ ቁስል ካላችሁ። የአይጥና የሌሎች እንስሳት ሽንት በጎርፍ ታጥቦ ወንዝ ይገባል፤ ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባለው በሽታ በተላጠ ቆዳ በኩል የሚገባው በዚህ መንገድ ነው። እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ2000 በማሌዥያ ቦርኒዮ፣ ሳባህ ውስጥ በተካሄደ የጀብድ ውድድር 304 ተወዳዳሪዎች ነበሩ። በኋላ ከተጠየቁት 189 ሰዎች 80ዎቹ የበሽታው ምልክት ታይቶባቸዋል፤ ዋናው መንስኤ ተብሎ የተጠቆመውም ሰጋማ ወንዝ ውስጥ መዋኘት ነው። ከጉዞ ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳትና የባት ሕመም ከያዛችሁ፣ ወንዝ ውስጥ እንደዋኛችሁ ለሐኪሙ ንገሩት። ካልነገራችሁት ጉንፋን ይመስለዋል።

የሚጠጣውን ውሃ በተመለከተ ማፍላት አንደኛ ነው፤ ለአንድ ደቂቃ ሙሉ ከፈላ ይበቃል፣ ከ2000 ሜትር በላይ ከሆናችሁ ሦስት ደቂቃ። ማጣሪያ ፈጣን ነው ግን አብዛኛው ቫይረስ አያስቀርም። የክሎሪን እንክብል ቀላል ነው፣ ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለውን ተውሳክ ግን አይገድልም። ሁለቱን አንድ ላይ መጠቀም ይቻላል፤ መጀመሪያ አጣሩ፣ ከዚያ እንክብሉን ጨምሩ።

አልቅት ቢይዛችሁ አታቃጥሉት፣ ጨውም አትነስንሱበት፤ በጥፍራችሁ ቆዳው ላይ አንሸራትታችሁ አላቁት። ደሙ ትንሽ ጊዜ መፍሰሱ ያለ ነው፣ አልቅቱ እንዳይረጋ የሚያደርግ ነገር ይረጫል። እኔ መጀመሪያ የያዘኝ ጊዜ ጮኬ ነበር፤ ሁለት ሰው ሮጦ መጣ፣ አንዱ እስካሁን ወዳጄ ነው።

በጋ ወይስ ክረምት፣ አንድ ሌሊት ወይስ ሁለት?

ደረቁ ወቅት መንገዱ ይደርቃል፣ ሰው ይበዛል፣ ፏፏቴው ይቀጥናል። በዝናቡ ወቅት ፏፏቴው ይገዝፋል፣ ሰው ይሳሳል፣ ደራሽ ውሃም ይበዛል። አንዳንድ ቦታ ምርጫ የላችሁም፤ ወደ መልአክ ፏፏቴ በጀልባ ለመውጣት ወንዙ መሙላት ስላለበት የሚኬደው በዝናቡ ወቅት ነው። ሰው ለመተዋወቅ ለምትፈልጉ ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ያሉት ሳምንታት ይመቻሉ፤ ውሃው ገና አለ፣ ሰውም መምጣት ጀምሯል።

የሌሊቱን ቁጥር በተመለከተ ሁለት በሉ። የመጀመሪያው ማታ ሁሉም ሰው ደክሞታል፣ እቃ ያደርቃል፣ ስም ይጠይቅና ይረሳል። ጠዋት ላይ ደግሞ ግማሹ ይሄዳል። የቀሩት ግን ሁለተኛውን ቀን ሙሉ አብረዋችሁ ናቸው፤ ሁለተኛው ማታ ላይ የሚጫወቱት ሰዎች በትላንቱ ድካም የተያዩ ናቸው፣ ስለዚህ መግቢያ ወሬ አያስፈልግም። ሦስተኛ ሌሊት ለመጨመር ያማረኝ ጊዜ አለ። ሁለቴ ጨመርኩ፤ ሁለቴም የማውቃቸው ሁሉ ሄደው፣ ምግቤ አልቆ፣ ካልሲዬ መሽተት ጀምሮ ነው ያደርኩት።

ስትለያዩ ስልክ አውጥታችሁ ቁጥር ለመቀያየር አትቁጠሩበት፤ ወይ ባትሪው አልቋል ወይ ስክሪኑ እርጥብ ጣት አይቀበልም። ትንሽ ደብተር በላስቲክ ጠቅልላችሁ ያዙ። የምትጽፉበትም እርሳስ ይሁን። የእስክሪብቶ ቀለም በዚያ ርጥበት ይፈስሳል፤ ከዚያች ላይተር ከጠየቀችኝ ሴት የተቀበልኩት አድራሻ ዛሬ ወረቀቱ ላይ ሰማያዊ ደመና ነው።